ደረጃ የበዛበት፣ ጨዋታ የጠፋበት የሒሳብ ክፍል

መቱ ገበያ ላይ ማንጎ የሚሸጥ የ11 ዓመት ልጅ አስቡ። አንዱ ማንጎ 15 ብር ነው። አንዲት እናት ሰባት መርጠው 200 ብር ዘረጉለት። ልጁ እስክሪብቶ አልፈለገም፤ ስልክም የለውም። «ሁለቱ 30፣ አራቱ 60፣ ስድስቱ 90፣ አንዱ ሲጨመር 105» አለና 95 ብር መልስ ቆጥሮ ሰጠ። ሁሉም ነገር ያለቀው ማንጎው ፌስታል ውስጥ ገብቶ ሳያበቃ ነው።

በማግሥቱ ያው ልጅ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ሰሌዳው ላይ 15 × 7 ተጽፏል። ደብተሩ ላይ አንዱን ከአንዱ ሥር ደርድሮ ይጀምራል፦ ሰባት ጊዜ አምስት 35፤ አምስት ይጻፋል፣ ሦስት ይያዛል። ሰባት ጊዜ አንድ ሰባት። የያዘውን ሦስት ረሳው። መልሱ 75 ሆነ፤ በቀይ እስክሪብቶ ተሰረዘ። ትናንት ለሰባት ማንጎ 75 ብር ሰጥቶት ሊሄድ የሚሞክር ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ይኸው ልጅ ልብሱን ይዞ አይለቀውም ነበር።

ልጁ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው፤ ነገሩ ግን በደንብ የተጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሦስት ተመራማሪዎች ብራዚል ውስጥ ሬሲፌ ከተማ ከሚሸጡ ልጆች እየገዙ ሒሳብ ጠየቋቸው። ልጆቹ ገበያ ላይ 98 በመቶ ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ስሌት በወረቀት ላይ፣ በምልክት ብቻ ሲሰጧቸው ግን በትክክል የሠሩት 37 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የሬሲፌው ጥናት ጥቂት ልጆችን ብቻ የያዘ ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2025፣ የኖቤል ተሸላሚዎቹ አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኮልካታና ዴልሂ ገበያዎች ላይ የሚሠሩ 1,436 ልጆችን ፈትነው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ውጤትም ያንኑ ይላል። ገበያ ላይ ውስብስቡን ስሌት በቃላቸው የሚሠሩት ልጆች በትምህርት ቤት መልክ ሲቀርብላቸው ቀላሉን አቃታቸው። ገበያ ቆመው የማያውቁ 471 ተማሪዎች ደግሞ በተቃራኒው ሆኑ፤ የደብተሩን እየሠሩ የገበያው አስቸገራቸው።

ስለዚህ በየመንደሩ «የእኔ ልጅ ሒሳብ አይገባውም» ተብሎ የሚሰጠው ፍርድ በአብዛኛው ስህተት ነው። ልጁ አንዱን ሒሳብ ያውቃል፣ ሌላው ጋር ግን ያስተዋወቀው የለም። ፍርዱ የሚሰጠው ሦስተኛ ወይም አራተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ዕዳው የሚቆጠረው 12ኛ ክፍል ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4። አገር የደነገጠው በ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ከእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ ሒሳብን የተሰናበቱት ግን የረሱት ሦስት እንደገና ሳይገለጽላቸው ገጹ በተገለበጠበት ዕለት፣ በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው ነው።

ሁለቱን ሒሳቦች ለማገናኘት ከሚቀርቡት ሐሳቦች አንዱ የጨዋታ አካላትን ወደ ክፍል ማስገባት ነው። ሐሳቡ በዓለም ፋሽን ሆኗል። ችግሩ፣ «ጨዋታ» ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ነጥብ፣ ኮከብ፣ ሜዳሊያና የአሸናፊዎች ሰንጠረዥ ነው። ለትክክለኛ መልስ 10 ነጥብ፣ አምስት ለመለሰ ኮከብ፣ ከሁሉ ለበለጠ ስሙ ከላይ። ስልክ ላይ ያሉት የትምህርት መተግበሪያዎች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚህ መልክ ነው።

ይህ ለኢሉባቦር ትምህርት ቤቶች አዲስ ነገር አይደለም። ነጥብ አለ፤ ማርክ ይባላል። የአሸናፊዎች ሰንጠረዥ አለ፤ ደረጃ ይባላል። ካርድ ላይ «ከ62 ተማሪ 58ኛ» ተብሎ ይጻፋል። ዓመቱ ሲዘጋ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ወላጆች ፊት ተጠርተው ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፤ የቀሩት 59 ልጆች ያጨበጭባሉ። ከጨዋታ አካላት ውስጥ ትምህርት ቤቱ መርጦ የወሰደው የመጨረሻውን፣ የሚያሳፍረውን ክፍል ነው። ሌላውን ሁሉ ውጭ ሜዳ ላይ ትቶታል።

ሜዳ ላይ ምን አለ? ሁለት ልጆች ገበጣ ሲጫወቱ የተሸነፈው ምን እንደሚል ማዳመጥ ነው። «ድገም!» ነው የሚለው። ከእንደገና ይጀመራል፤ የቅድሙ ሽንፈት የትም አልተመዘገበም። ብይ የሚጫወት ልጅ ሲስት መሳቱን በዚያው ቅጽበት ያየዋል፤ እስኪታረምለት ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። ዕጣ ወይም ዕድል ባለበት ጨዋታ ደግሞ ደካማው ልጅ አልፎ አልፎ ጎበዙን ይረታል። 58ኛ የወጣው ልጅ በፈተና አንደኛውን የሚረታበት ቀን የለም፤ በጨዋታ ግን አለ። ያ አንድ ቀን ልጁን ለሌላ ሃያ ቀን ያጫውተዋል።

ሽልማት ስለሚያመጣው ነገርም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት አለ። መሳል የሚወዱ ሕፃናት ተመርጠው አንዱ ቡድን «ብትስሉ የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን» ተባለ። ሳሉ፤ ወረቀቱንም ተቀበሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን በነፃ ሰዓታቸው ለመሳል ያጠፉት ጊዜ ምንም ቃል ካልተገባላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ሆነ። ሽልማቱ ፍቅሩን በላው። ሒሳብን ገና ላልወደደ ልጅ ኮከብ መስጠት ምን እንደሚያተርፍ መገመት ይቻላል።

እንግዲህ ክፍል ውስጥ መግባት ያለበት ሙከራው፣ ድግሙ፣ ዕድሉና ወዲያው የሚታየው ውጤት ነው። ለዚህ ደግሞ መቱ ውስጥ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም።

ገበጣ አለ። በኦሮሞው ዘንድ ሰደቃ ይባላል። በአገር አቀፍ የባህል ስፖርት ውድድሮችም ባለ 12 እና ባለ 18 ጉድጓድ ተብሎ ይካሄዳል። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ ከኢትዮጵያና ከአካባቢው ከ100 በላይ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል። አንድ አገር መቶ ዓይነት የመቁጠሪያ ጨዋታ ፈጥሮ ሲያበቃ ልጆቹን «ሒሳብ አይወዱም» ማለቱ ትንሽ ይገርማል።

ባለ 12 ጉድጓዱ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ነው፤ በተለመደ አንድ አጨዋወት በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ይገባል። ኢሉባቦር ውስጥ ጠጠሩ የቡና ፍሬ ቢሆን የሚያስቸግር ነገር የለም። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል 30 ጥንድ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ጥንድ 48 ፍሬ ቢታደል ጠቅላላው 1,440 ፍሬ ነው፤ ሩብ ኪሎ ገደማ። ትምህርቱ ሲያልቅ ተለቅሞ ይመለሳል፤ ከጎደለም የትኛው ቤት እንደተቆላ ሽታው ይናገራል።

ጉድጓዶቹ ከ1 እስከ 12 ቁጥር ይሰጣቸው። መምህሯ ጨዋታውን ያስቆሙና ይጠይቃሉ፦ «ከአራተኛው ጉድጓድ ዘጠኝ ፍሬ ብታነሳ የመጨረሻው የት ያርፋል? ሳትነካ ተናገር።» ልጁ በዓይኑ ይከተላል፤ አንደኛው ጉድጓድ ላይ ነው ይላል። ይዘራል፤ ልክ ነው። አሁን ይጻፍ ይባላል፦ 4 + 9 = 13፤ 13 − 12 = 1። ከዚያ መምህሯ ሰዓት ያነሣሉ። አሁን አራት ሰዓት ቢሆን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ስንት ይሆናል? አንድ ሰዓት። ያው ገበጣ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ አንዱ 29 ፍሬ በልቷል። ሌላው የራሱን ሳይቆጥር ስንት እንዳለው ይጻፍ፦ 48 − 29። ከጻፈ በኋላ ይቁጠር። ቁጥሩ 19 ሆኖ ሲገጥምለት ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር የትኛውም ማርክ አይሰጠውም።

አሁን ወደ ማንጎ ሻጩ እንመለስ። ልጁን የጣለው «ሦስት ይያዛል» የሚለው ነው። የት ይያዛል? በምን? ለምን? ብዙ ልጅ ይህን እንደ ጸሎት ቃል ነው የሚደግመው። ለዚህ ሌላ ጨዋታ አለ፤ የሚፈልገው የቡና ፍሬና የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው (በደሌ ቅርብ ስለሆነ የቢራውም ቆርኪ አይታጣም፤ ወላጅ ካልተቆጣ)። ሕጉ አንድ ነው፦ አሥር ፍሬ የሞላለት በአንድ ቆርኪ ይለውጣል። ከካርቶን ተቆርጠው ከ1 እስከ 9 የተጻፈባቸው ቁራጮች በፌስታል ይገባሉ፤ ሁለት ልጆች እየተፈራረቁ ያወጣሉ፣ የወጣላቸውን ያህል ፍሬ ይወስዳሉ፣ እየለወጡ ቀድሞ አሥር ቆርኪ የሞላው ያሸንፋል። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ይህ ይበቃል። አራተኛ ክፍል ላይ ግን 15 × 7 በዚሁ ይሠራል፦ አንድ ቆርኪና አምስት ፍሬ፣ ሰባት ጊዜ። ጠረጴዛው ላይ ሰባት ቆርኪና 35 ፍሬ ተከመረ። 35ቱ ፍሬ ይለወጣል፤ ሦስት ቆርኪ ይሆንና አምስት ፍሬ ይተርፋል። ሦስቱ ቆርኪ ከሰባቱ ጋር ሲቀላቀል አሥር ሆነ። 105። «የተያዘው ሦስት» የት እንደነበረ ልጁ በእጁ ነካው፤ ሦስት ቆርኪ ነው፤ ማንም አይረሳውም፤ ከረሳውም ጓደኛው ይጮኽበታል።

ቋንቋውም ያግዛል። በአፋን ኦሮሞ 11 «ኩዳ ቶኮ» ነው፤ አሥር ከአንድ። 12 «ኩዳ ለማ»። በአማርኛም አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። አንድ ቆርኪና ሁለት ፍሬ ይዞ «ኩዳ ለማ» የሚል ልጅ ቃሉም፣ ዕቃውም፣ ጽሑፉም አንድ ነገር ነው የሚነግረው። የእንግሊዝ ልጅ «ኢለቨን» ሲል ይህ ዕድል የለውም።

እዚህ ላይ የጨዋታ ወዳጆች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት ነገር መነሣት አለበት። ጨዋታ ብቻውን አያስተምርም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ሙከራ ነበር። ሕንድ ውስጥ በ214 ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች 1,540 ሕፃናት ተሳትፈዋል። ከመካከላቸው አንዱ ቡድን ለአራት ወር የሒሳብ ጨዋታ ተጫወተ። ብዛትንና ቅርፅን በዓይን የመለየት ችሎታው በግልጽ አደገ፤ ውጤቱም ቆየ። የቁጥር ምልክቶችን በማወቅም መጀመሪያ ላይ ብልጫ አሳይቶ ነበር። አንደኛ ደረጃ ገብቶ የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ሲማር ግን ካልተጫወቱት አልበለጠም። ጨዋታው ሠርቷል፤ ከጨዋታው ወደ ደብተሩ የሚያሻግር ግን አልነበረም።

ሌላው ጥናት ደግሞ ማሻገሪያው ምን ያህል ቀጭን ነገር ላይ እንደሚቆም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ ከድሃ ቤተሰብ ለመጡ የአሜሪካ ሕፃናት ቀጥ ባለ መስመር ላይ ከ1 እስከ 10 የተጻፈበት ቀላል የሰሌዳ ጨዋታ ሰጧቸው። አራት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 15 ደቂቃ፤ በድምሩ አንድ ሰዓት። የቁጥር መጠን ግንዛቤያቸው ተሻሻለ። በቁጥር ፋንታ ቀለም የተቀባበትን ያንኑ ሰሌዳ የተጫወቱት ግን አልተሻሻሉም። ኋላ ላይ በተደረገ ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ታየ፦ ከ5 ላይ ሁለት ሲራመድ «6፣ 7» እያለ የሚጠራው ልጅ ያተርፋል፤ «1፣ 2» የሚለው ብዙም አያተርፍም። ልዩነቱ የአንድ ቃል ነው። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሰኞ ማክሰኞ የሚዘልሉ ልጆችን እያየ የሚያልፍ መምህር ይህን ካወቀ፣ በኖራ ከ0 እስከ 20 ቀጥ አድርጎ ጽፎ «የቆምክበትን ጥራ» ከማለት በቀር ሌላ ሥራ የለበትም።

የመምህሩ ድርሻ እንግዲህ እዚህ ነው። 40 ደቂቃ ካለ 15ቱ ለጨዋታ፣ ቀሪው የተጫወቱትን ለመጻፍ፣ የተጻፈውን ያለ ፍሬ ለመሥራት፣ ስህተቱን ደግሞ በፍሬ ለማየት። ጽሑፍ ያልተከተለው ጨዋታ እረፍት ነው። እረፍትም ጥሩ ነው፤ ግን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ተብሎ አይመዝገብ።

ኢሉባቦርን ለዚህ ነገር የተለየ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ዝናብ ነው። በአገሪቱ ብዙ ዝናብ ከሚያገኙት አካባቢዎች አንዱ ነው። ዝናቡ የትምህርት ቤት ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የመምህር ድምፅ ሁለተኛው ዴስክ ላይ ይቀራል። ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከማስገልበጥ በቀር ምንም የማይሠራበት ሰዓት ይሆናል። ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚቆጣጠሩት ገበጣ ግን ድምፅ አይፈልግም። ሁለተኛው ቡና ነው። በለቀማ ወቅት የያዮ፣ የሁሩሙ፣ የአሌ ልጅ ወላጁን ሊያግዝ ጫካ ይገባና ሁለትና ሦስት ሳምንት ይቀራል። ሲመለስ ክፍሉ ከክፍልፋይ አልፎ ወደ ሌላ ምዕራፍ ገብቷል፤ መጽሐፉም ለሁሉ አይደርስም። ያ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ እሸት ቡና ሲመዝን፣ ኪሎ በብር ሲያበዛ ነበር የከረመው፤ ክፍል ሲገባ ግን «ያመለጠው» ተብሎ ይመዘገባል። ጥንድ ሆኖ በሚጫወት ክፍል ውስጥ ይህ ልጅ ካቆመበት ይገባል፤ ምናልባትም ስለ ኪሎ ጓደኛውን ያስተምራል።

ክርክሩ የት እንደሚነሣ የታወቀ ነው። ወላጅ «ልጄን ጨዋታ ልታስተምሩልኝ ነው የላክሁት?» ይላል። ይህን ያለ ወላጅ አልተሳሳተም፤ ደብተሩ ባዶ ሆኖ ከመጣ መጠየቅ አለበት። ደብተሩ ላይ 4 + 9 = 13 ካለ ግን መልሱ እዚያው ነው። ደግሞ ጨዋታን መናቅ መቱ ላይ ያን ያህል አያምርም። የከተማዋ ሆስፒታል ካርል የሚባለው በካርል ሃይንስ ቦም ስም ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 በጀርመንኛ ቴሌቪዥን የውርርድ ጨዋታ ላይ ቀርበው «ከሦስት ተመልካች አንዱ እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም» ብለው ተወራረዱ። ውርርዱን ረቱ፤ የሰጠው ሰው ሦስተኛ እጅ አልሞላም። የተሰበሰበው ግን ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር፤ በዚያ ተነሥተው የመሠረቱት «ሰዎች ለሰዎች» ኢሉባቦር ውስጥ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው የመጣው ከጨዋታ ነው። ከግድግዳው ውስጥ ጨዋታ ቢገባ ነውር አይሆንም።

መምህራን ደግሞ ሌላ ክርክር አላቸው፤ የእነሱ ከበድ ይላል። ፖርሽን ማለቅ አለበት። የሦስተኛ ክፍሉ መምህር በቆርኪ አንድ ሳምንት ካጠፋ የዓመቱን ዕቅድ በጊዜው አይጨርስም፤ የሚጠየቀውም ልጆቹ ስለገባቸው ሳይሆን ምዕራፉ ስላለቀ ነው። በደመወዙ ወር ለማድረስ የሚታገል መምህር ላይ «ፈጠራ አሳይ» ብሎ መጫንም ግፍ ነው። ስለዚህ ሥራው ከላይ መቅለል አለበት፤ የትኛው ጨዋታ ለየትኛው ምዕራፍ እንደሚሆን፣ ከጨዋታው በኋላ ምን እንደሚጻፍ በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ በእጁ ሊገባ ይገባል። መቱ መምህራን ኮሌጅ አላት። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የሒሳብ ትምህርት ክፍል ያለው። አንድ የመመረቂያ ጥናት ይህን ቢይዝ፣ በመቱ፣ በጎሬና በሁሩሙ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለአንድ ወሰነ ትምህርት ቢሞከርና ካልሞከሩት ጋር ቢመዛዘን፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣው ብዙ ወረቀት ይሻላል። ውጤቱ መጥፎ ቢሆንም እንኳ ይታተም፤ የዴልሂዎቹ ያሳተሙት ጥሩውንም መጥፎውንም ነው።

ቀድሞ የነበረው አንድ ለአምስት አደረጃጀትም ትምህርት ይሰጣል። አምስት ልጆች በአንድ ጎበዝ ሥር ተሰበሰቡ፤ ጎበዙ ሠራ፣ ሌሎቹ ገለበጡ። ገበጣ ሁለት ሰው ነው የሚፈልገው። ተራው ሲደርስ የሚደበቅበት ጀርባ የለም።

ታብሌትስ? ይህ ጥያቄ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት ጨዋታና መጽሐፍ የተጫነባቸው ታብሌቶች ያለ መምህር ሰጥቶ ዓለም ተደንቆ ነበር። ልጆቹ በራሳቸው ከፈቱት፤ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን እስከ መዝፈን ደረሱ። ማላዊ ውስጥ በአገሩ ቋንቋ የተሠራ የሒሳብ መተግበሪያ በትክክል አስተምሯል፤ ከዚያው የወጣው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 ታንዛኒያ ውስጥ በተካሄደ ዓለም አቀፍ ውድድር የጋራ አሸናፊ ሆኗል። የሚሠራ ነገር ነው። ግን ማላዊ በቺቼዋ፣ ታንዛኒያ በስዋሂሊ ስለተሠራ ነው የሠራው። በአፋን ኦሮሞ በዚያ ጥራት የተዘጋጀ ነገር ሳይኖር፣ መብራት በሚቆራረጥበት ገጠር ታብሌት ማከፋፈል በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃው የተሰቀለውን ፕላዝማ ታሪክ መድገም ነው። ያኔ መምህሩ ማብሪያና ማጥፊያ ተጫኝ ሆኖ ቀረ። ስክሪኑ ሲበላሽ ደግሞ እሱም ያልለመደው፣ ልጁም ያልተከተለው ትምህርት ቀረ። ቆርኪ አይበላሽም። ታብሌት ሲመጣ ይምጣ፤ የቡና ፍሬው ግን አሁን አለ።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው በአንድ ትንሽ ቦታ ነው። አንድ ቀን የክላስተር ሱፐርቫይዘሩ ጭቃ ረግጠው ትምህርት ቤት ይደርሳሉ። ሦስተኛ ክፍል በር ላይ ሲቆሙ 60 ልጅ በጥንድ ተቀምጦ ይጫጫል፣ ወለሉ ላይ የቡና ፍሬ ፈሷል፣ አንዷ «ቆርኪዬን አልለወጥክም!» እያለች ትከራከራለች፣ መምህሩ ሰሌዳው ጋ ሳይሆን ጥግ ላይ ጎንበስ ብለው ከሁለት ልጆች ጋር ይቆጥራሉ። ሱፐርቫይዘሩ እስክሪብቶ ያወጣሉ። «የክፍል አያያዝ ደካማ» ብለው ከጻፉ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ፍሬው ወደ ቤት ይመለሳል፣ ሰሌዳው ይሞላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ጎንበስ ብለው የአንዱን ልጅ ደብተር ከገለጡና የተጻፈውን ካነበቡ ሌላ ነገር ይሆናል።